ማንም ሳያየኝስ?

ዛሬ ጎረቤታችንን ልጠይቅ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄጄ ነበር፤ እናቴ ያፈላችውን አጥሚት በፔርሙዝ ይዤ። ልወጣ ስነሳ እጄን ያዝ አደረጉኝ። የጣታቸው ሒና ገና አልለቀቀም። «ልጄ፣ አንተም በሃይማኖትህ ዱዓ አድርግልኝ» አሉኝ። «እሺ እማማ» አልኳቸው።

ወደ ደሴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ያቺን «እሺ» ሳስባት መጣሁ።

ቦሩ ሜዳ ለእምነት ጥያቄ እንግዳ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው ስለ ክርስቶስ ልደትና ባሕርይ ያከራከሩት እዚሁ ነው። የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ የታዘዙትም በዚያው ዘመን ነው፤ ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል ሆኑ። በአዋጅ የተጠመቀ ሰው ልቡ ምን ይል እንደነበር ፈጣሪ ይወቀው። እኔን ግን ማንም አላስገደደኝም። በ40 ቀኔ ተጠምቄ፣ ማተብ አስሬ ነው ያደግኩት። ታዲያ ማተቤን የሚያይ ባይኖር፣ እሑድ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ ሰላም የሚለኝ ጎረቤት ባይኖር፣ ከእምነቴ ምን ይቀራል? ሐዋርያው ያዕቆብ አጋንንትም ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል ያለው ቃል በጣም ያስፈራኛል። ማመን ብቻውንማ እነሱም ዘንድ አለ።

እማማ መጸለዬን የሚያረጋግጡበት መንገድ የላቸውም። ለዚህም ነው ይህች ጸሎት የከበደችኝ። ምስክር የላትም፣ ምስጋናም የላትም፤ እኔና እግዚአብሔር ብቻ ነን። እስኪሻላቸው ድረስ ማታ ማታ ስማቸውን እየጠራሁ እቆማለሁ።

እናንተስ እምነታችሁን በምን ትመረምራላችሁ? ከልባችሁ ንገሩኝ።