የዘይት ጀሪካን ግድግዳና ፏፏቴያችን

ኩሽናችን ያለው መስኮት አንድ ብቻ ነው። ድሮ በእሱ በኩል ሰማይና ራቅ ብሎ ባሕር ዛፍ ይታይ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ጎረቤታችን ሦስት ሜትር የሚሆን የብሎኬት አጥር አቆሙ። መብታቸው ነው። ግን የተለሰነው በእሳቸው በኩል ብቻ ነው። ለእኛ የደረሰን ራቁቱን የቀረ ብሎኬትና በየመሃሉ ተንጠባጥቦ የደረቀ ሲሚንቶ ነበር። ባለቤቴ ሽንኩርት በከተፈች ቁጥር "የሚያስለቅሰኝ ሽንኩርቱ እንዳይመስልህ" ትለኛለች።

አስለስኜ ቀለም ልቀባው አስቤ ነበር። ከዚያ አንድ ማታ ስልኬ ላይ የፓሪሱን የኬ ብራንሊ ሙዚየም ግድግዳ አየሁ። ከላይ እስከ ታች ቅጠል ለብሷል። የሠራው ፓትሪክ ብላንክ የሚባል ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ፀጉሩን አረንጓዴ የሚቀባ ሰውዬ ነው፤ ፎቶውን ካያችሁት አትረሱትም። በቃ፣ ግድግዳችን ተክል ይለብሳል፣ ከሥሩ ኩሬ ይኖራል፣ ከጎኑ ትንሽ ፏፏቴ ይወርዳል ብዬ ወሰንኩ። ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ማታ ማታ እንዲህ ያለ ነገር ሲያስብ የሚከለክለው ቢኖር ጥሩ ነበር።

በኩሬው ጀመርኩ። ግንበኛ ጠራሁ፣ በጥቅምት ቆፍሮ ኮንክሪት ሞላልኝ። አማረ። ችግሩ የእኛ ሰፈር አፈር መረሬ መሆኑ ነው። መረሬ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ያለውንም ይዞ ይሄዳል። የካቲት ላይ ኩሬዬ ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ለሁለት ተከፈለ። ግንበኛው መጥቶ አየው፣ ራሱን ነቀነቀና "አፈሩ ነው" ብሎ ሄደ። አፈሩማ ሲቆፍርም እዚያው ነበር።

መፍትሔውን ያገኘሁት ገጠር ነው። አርሶ አደሮች የዝናብ ውሃ ለማቆር የሚያነጥፉትን ጂኦሜምብሬን የሚባል ጥቁር የፕላስቲክ ሸራ አይታችሁት ይሆናል። አፈሩ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይለጠጣል እንጂ እንደ ኮንክሪት አይሰበርም። ኮንክሪቱን አስነሥቼ ጉድጓዱን 2.5 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ጥልቀቱን 60 ሳንቲ ሜትር አደረግኩት። ሸራውን ስትገዙ በሁለቱም አቅጣጫ የጥልቀቱን እጥፍ ደምሩ፣ ለጠርዙም 60 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። የእኔ 4.3 በ3.3 ሜትር ሆነ። ከሥር አሸዋ፣ ከአሸዋው ላይ ያረጀ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ፣ ድንጋይ እንዳይበሳው። ዳሩን ደረጃ ደረጃ አድርጌ ስለቆፈርኩት የሚይዘው 2,000 ሊትር ገደማ ነው፤ አሥር በርሜል ማለት ነው። የሰፈር ልጆች ኳስ ፍለጋ ስለሚገቡ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ አድርጌ የብረት መረብ አስበየድኩበት። ይህን ሳታደርጉ ውሃ አትሙሉ።

ቀጥሎ ፓምፑ አዋረደኝ። ፏፏቴው የሚነሣበት ድንጋይ ከኩሬው 1.6 ሜትር ከፍ ይላል። መርካቶ ሄጄ 2 ሜትር ይገፋል የተባለ ፓምፕ ገዛሁ። ቤተሰቡን ሁሉ ጠርቼ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሶኬቱን ሰካሁት። የመጣው ውሃ እንደ ጉንፋን የያዘው ልጅ አፍንጫ ነበር። ለካ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ከፍታ ውሃው ጭራሽ የሚቆምበት ነው። 2 ሜትር ላይ የሚወጣው ዜሮ ነው፤ ወደዚያ በቀረባችሁ ቁጥር ይቀንሳል። ያንን ለዘመድ ሰጥቼ 4.5 ሜትር የሚለውን አመጣሁ። 75 ዋት ነው። በቀን 14 ሰዓት ቢሠራ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል።

ያም ሆኖ ውሃው ተበታተነ። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ ስለዘረጋሁት ነው። ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ስፋት በሰዓት ቢያንስ 100 ሊትር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ መጋረጃ ሳይሆን ነጠብጣብ ነው የሚሆነው። ወደ 20 አጠበብኩት። የሚወርድበትን አፍ የሠራሁት ከኩሽና ጠረጴዛ በተረፈ የእብነ በረድ ቁራጭ ነው፣ ከድንጋዩ አምስት ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ። መጀመሪያ ወጣ ሳላደርገው ቀርቼ ውሃው ወደ ኋላ እየላሰ ድንጋዩ ውስጥ ይገባ ነበር፣ ኩሬውም ሌሊቱን አንድ ስንዝር እየጎደለ ያድራል። ሸራው ተቀዷል ብዬ ላወጣው ስል የወንድሜ ልጅ "ፓምፑን አጥፍተህ እስኪ እደር" አለኝ። አጠፋሁት። ጠዋት ውሃው ካለበት ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ የሚያፈሰው ፏፏቴው እንጂ ኩሬው አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው ልጁ።

አሁን ወደ ግድግዳው። መጀመሪያ ፈረንሳዊውን ልኮርጅ ሞከርኩ። የእሱ ግድግዳ አፈር የለውም፤ ተክሉ ሥር የሚሰደው ወፍራም ጨርቅ ላይ ነው፣ ውሃውን ፓምፕ በየጊዜው ያደርሰዋል። እኔ በጨርቁ ፈንታ ጆንያ ደራርቤ ሰፋሁ። ለፋሲካ ሁለት ቀን ዘመድ ጋ አድረን ስንመለስ ለካ መብራት የጠፋው እንደወጣን ነው። ተክሉ ሁሉ ድርቅ ብሏል። ለጉዝጓዝ እንኳን አይሆንም። ያልደረቀውን ጆንያ ደግሞ ክረምቱ አበሰበሰው።

ያኔ ነው የገባኝ። እዚህ ግድግዳ የሚሠራው መብራት ላለበት ቀን ሳይሆን መብራት ለሚጠፋበት ቀን ነው። ፓምፑ ቢቆም ሦስት አራት ቀን ውሃ ይዞ የሚቆይ ነገር ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ደጃችን ላይ ነበር፦ ቀይ አሽ። ከቢሾፍቱ አካባቢ በሲኖ ትራክ እየተጫነ ለመንገድና ለቤት መሠረት የሚደፋው ነው። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ቀላል ነው፣ ውሃ ይመጥጣል፣ አየርም ያስገባል። ሁለት እጅ ቀይ አሽ ከአንድ እጅ ኮምፖስት ጋር ቀላቀልኩ።

መያዣው ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ሆነ። ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከአንድ ምግብ ቤት ለቅሜ 72 ሰበሰብኩ። በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ፣ አጋድሜ አንድ ጎናቸውን ቆርጬ፣ ሥራቸውን በስቼ፣ በስምንት ረድፍ ደረደርኳቸው። አንዱ ውሃ ሲጠጣ አምስት ኪሎ ይሆናል። ሁሉም ሲደመር 360 ኪሎ! ይህን የጎረቤት አጥር ላይ አታንጠልጥሉም። ብየዳ ቤት አር ኤች ኤስ በሚባለው ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ፍሬም አስበየድኩ፣ ፀረ ዝገት አስቀባሁ፣ እግሩን በኮንክሪት ተከልኩ። ከአጥሩ አሥር ሳንቲ ሜትር አራቅኩት፣ አየር እንዲገባና እርጥበቱ እሳቸው ሳሎን እንዳይደርስ። ባለቤቴ ወጥታ አየችና "ምናለሽ ተራን እዚህ አመጣኸው?" አለች። ለሦስት ወር እውነቷን ነበር።

ውሃው ዙሪያውን ይሄዳል። ፓምፑ ከኩሬው ስቦ ግማሹን ለፏፏቴው፣ ግማሹን በቀጭን የጠብታ መስኖ ቱቦ ለላይኛው ረድፍ ይሰጣል። ከላይኛው ጀሪካን ወደ ታችኛው እየተንጠባጠበ ኩሬው ይመለሳል። የዓሣው ቆሻሻ ለተክሉ ማዳበሪያ ነው፤ ተክሉና ቀይ አሹ ደግሞ ውሃውን ያጣሩታል። ቀይ አሹን ግን አስቀድማችሁ እጠቡት። እኔ ሳላጥብ ውሃ ለቀቅኩበት፣ ኩሬው ደም መሰለ። እናቴ በረንዳ ላይ ሆና አማተበችና "የፈርዖንን ውሃ አመጣህብን" አለች።

የላይኛው ረድፍ ፀሐይ ይመታዋል፣ ቶሎም ይደርቃል። እዚያ ጦስኝ፣ ጤና አዳምና ሥጋ መጥበሻ ተከልኩ። እርጥበት የማይወዱ ናቸው። ባለቤቴ ጤና አዳሙን ለቡና በመሰላል ትቀጥፋለች፤ ይህን አላሰብኩበትም ነበር። መሃል ላይ እንጆሪና ወንዝ ዳር ካሉ ችግኝ ሻጮች የገዛኋቸው ስማቸውን የማላውቃቸው ቅጠሎች አሉ። ከታች፣ ፏፏቴው በሚረጨው በኩል፣ ፈርንና ቀጤማ።

አንድ ተክል ግን እኔ አልመረጥኩትም። እናቴ ከአገር ቤት ስትመለስ በላስቲክ የጠቀለለችው ሥር ይዛ መጣች። "ጥላና ውሃ ካለህ ይሄንን ትከል" አለች። እንሶስላ ነው። ልጅ ሆና ሥሩን ወቅጠው እጅና እግራቸውን የሚቀቡበት። እኔ ቀለሙን እንጂ አበባውን አይቼው አላውቅም ነበር። ነጭ ነው፣ ትልቅ፣ መሃሉ ላይ ወይን ጠጅ የነካው፣ ማታ ማታ ይሸታል። በጋ ላይ ከላይ ይደርቃል። ሞተ ብዬ ልነቅለው ስል እጄን በቁንጥጫ አገኘችኝ። ሥሩ ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም። ሰኔ ላይ ተመልሶ ወጣ።

ስለ ዓሣ ባጭሩ፦ ቆሮሶ አታስቡ። የእኛ ከተማ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለእሱ ይበርደዋል። ጎልድፊሽ ብርዱን ይችላል፣ የትንኝ እጭም ይለቅማል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ቢያንስ አንድ ቀን በርሜል ውስጥ አሳድሩት። ዓሣውንም ኩሬው በተሞላ ማግስት አትልቀቁ፤ እኔ አራቱን የቀበርኩት እንዲህ ነው። ጥቂት ሳምንት ውሃው ይዙር፣ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ይብዙ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ፏፏቴ ቅብጠት ነው የሚለኝ አለ። ግማሹን እቀበላለሁ። በበጋ በቀን ሁለት ጀሪካን እጨምርበታለሁ። አብዛኛው ጎመንና ድንች የታጠበበት ነው፣ ሳሙና ያልነካው። በክረምት የጣራው አሸንዳ ይሞላዋል።

ከላይ በቀኝ በኩል ሁለት ጀሪካኖች እስካሁን ባዶ ናቸው። የተከልኩት ሁሉ አልያዘም፣ ምክንያቱ አልገባኝም። ከኩሽና መስኮት ሲታይ ቢጫቸው ቁልጭ ይላል።

መብራት መሄዱን አሁን የምናውቀው በጆሯችን ነው። ፏፏቴው ጸጥ ሲል እናቴ ከመኝታ ቤት "ሄደ!" ትላለች። ባለፈው ሳምንት ማታ ጸጥ ሲል ግን ከአጥሩ ማዶ ድምፅ ሰማሁ። ጎረቤታችን ናቸው።

"አንተ ልጅ፣ ውሃው ምን ሆነ?"

"መብራት ነው ጋሼ።"

"የልጅ ልጄን እኮ የማስተኛት በእሱ ነው" አሉ። ትንሽ ዝም ብለው፣ "ጄኔሬተር ላስነሣ እንዴ? ሽቦውን በአጥሩ ላይ ላቀብልህ?"