በ2018 መባቻ፣ ከ2568ቷ ከተማ መልስ

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ!

በዚህ ቀን የምልክላችሁ መልእክት ሁልጊዜ አጭር ነው። ዘንድሮ ግን ረዘም ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ ታገሡኝ። የክረምቱን ማብቂያ ባንኮክ ነበርኩ። ለጉብኝት፣ ለምግቡ፣ ትንሽም ለመሸማመት ነው የሄድኩት። ይዤው የተመለስኩት ትልቁ ነገር ግን ስለ መስከረም አንድ ያለኝ ፍቅር ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ደረሰኝ ነው። ከሆቴሉ ጥግ ካለች ሱቅ ውሃና ሙዝ ገዛሁ። ደረሰኙ ላይ ዓመቱ 2568 ይላል። ስልኬ 2025 ይላል። ማታ ቤት ስደውል ደግሞ ገና 2017 ላይ ነን። ታይላንዶች ዓመት የሚቆጥሩት ቡድሃ ካረፈበት ጊዜ ጀምረው ነው፤ ከፈረንጆቹ በ543 ይቀድማሉ። እኛ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ፣ እነሱ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ወደፊት። የመንግሥት ደብዳቤው፣ መታወቂያው፣ የፍርድ ቤት ወረቀቱ በዚሁ ቁጥር ነው የሚጻፈው። ባንኮክ ደግሞ በዓለም ላይ ብዙ እንግዳ ከሚጎርፍባቸው ከተሞች ግንባር ቀደሟ ናት። በዚህ የተነሳ ከበሩ የተመለሰ እንግዳ የለም።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ይህን ብቻ መፈለግ ጀመረ።

ያዎራት የሚባለው የቻይናዎች ሠፈር ሲመሽ አስፋልቱ ዳር ሁሉ ኩሽና ይሆናል። የቀይና የቢጫ ማስታወቂያ መብራት ከላይ፣ የእሳትና የዘይት ጭስ ከታች። ከአንዲት እናት ዘንድ ተቀመጥኩ። የምትሸጠው በጥቁር ሰሊጥ የተሞላ ድቡልቡል የሩዝ ሊጥ ነው፤ በትኩስ የዝንጅብል ውሃ ውስጥ ታደርግና በሳህን ትሰጣለች። ሲነክሱት ሰሊጡ ምላስ ላይ ይፈስሳል፤ ዝንጅብሉ ጉሮሮን ያነቃል። ወቅቱ ፍልሰታ ነበር፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የሌለበት ነገር በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ደገምኩ። ነገም መምጣት ፈልጌ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ በምልክት ጠየቅኳት። አምስት ጣቷን ዘረጋች። አጠገቤ የነበረ ወጣት ሊረዳኝ ብሎ በእንግሊዝኛ አስራ አንድ ሰዓት ማለቷ እንደሆነ ነገረኝ። ለኔ ግን ገብቶኛል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነዋ!

ለካ ታይላንዶችም ማታውን የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። ፈረንጁ ሰባት የሚለውን እነሱ የምሽት አንድ ይሉታል፤ ዘጠኙን ሦስት፣ አስራ አንዱን አምስት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ፤ እዚያ ላይ እንለያያለን። ሰዓታችንን ለውጭ ሰው በማስረዳት ዕድሜውን የፈጀ ሐበሻ ሁሉ ያኔ የተሰማኝን ያውቀዋል። ከአገሬ እዚያ ድረስ በርሬ ሄጄ፣ አንዲት ቃል የማንጋራ ሴት ሰዓቴን አወቀችልኝ።

የክረምቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ባንኮክም ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው። ዝናቡ ግን ሞቃት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ድንገት ይወርድና መንገዱን አጥለቅልቆ፣ ጥቂት ቆይቶ ፀሐይ ይወጣል። ጃኬት አያስፈልግም፤ ነጠላ ጫማ ይበቃል። በዚህ ወቅት የቡድሃ መነኮሳት ለሦስት ወር ከገዳማቸው ርቀው አይሄዱም። የጥንቱ ምክንያት በዝናብ የበቀለውን ቡቃያ እየተዘዋወሩ እንዳይረግጡ ነው ይባላል። ምእመኑም በነዚህ ወራት አንድ ነገር ይተዋል፤ ብዙ ሰው መጠጥ ያቆማል። እኔ የፍልሰታን ጾም ይዤ የሄድኩበት አገር የራሱን የክረምት ሱባኤ ይዞ ቆየኝ።

ጎህ ሲቀድ ወጥታችሁ እዩአቸው። መነኮሳቱ ባዶ እግራቸውን ሳህን ይዘው ያልፋሉ። ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው፣ ተንበርክከው ሩዝና ወጥ ያኖሩላቸዋል። ከዚያ እጃቸውን ገጥመው ምርቃት ይቀበላሉ። መነኮሳቱ ከቀትር በኋላ አይበሉም። የኛ ጾመኛ ደግሞ ቅዳሴ ሳይወጣ አይቀምስም። ሰዓቱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሆዱን አስችሎ የሚጠብቀው ሰው ግን ያው ነው።

በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ግቢ ባለው ቤተ መቅደስ ውስጥ የኤመራልድ ቡድሃ የሚሉት ከአረንጓዴ ድንጋይ የተቀረጸ ምስል አለ። ቁመቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ለበጋው፣ ለዝናቡና ለብርዱ፣ የወርቅ ልብሱ ይቀየራል። የሚቀይሩለት ንጉሡ ራሳቸው ወይም ወኪላቸው ናቸው። እኔ ስደርስ የክረምቱን ለብሶ ነበር። ስካይትሬይን የሚሉት ባቡር ከላይ የሚበርባት፣ ፎቅ በፎቅ የሆነች ከተማ ውስጥ ንጉሥ ወቅቱ መጣ ብለው ልብስ ሊቀይሩ ደረጃ ይወጣሉ። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል። (ለጉብኝት ስትሄዱ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልበሱ፤ ጫማም ይወለቃል። የኛ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።)

ሌላውን በችኮላ ልለፈው። ዋት ፖ በሚባለው ቤተ መቅደስ 46 ሜትር የሚረዝም የተጋደመ ቡድሃ አለ፤ የእግሩ መዳፍ በዛጎል ተለብጦ 108 ምልክት ተሠርቶበታል። ከጀርባው በተደረደሩት 108 የነሐስ ሳህኖች ላይ ሰዉ አንድ አንድ ሳንቲም እየጣለ ያልፋል፤ ድምፁ ራሱ ጸሎት ይመስላል። ከወንዙ ማዶ ዋት አሩን አለ፤ ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል፣ ቀርባችሁ ስታዩት የሲኒና የሳህን ስብርባሪ አበባ ሆኖ ተለጥፎበታል። በጀልባ ተሻገሩ፤ ርካሽ ነው፣ ነፋሱም ያሳርፋል።

ምግቡን ግን በችኮላ አላልፈውም። ጾመኛ ሆኖ ባንኮክ መብላት ይቻላል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ በደንብ ይቻላል። ቢጫ ባንዲራ ፈልጉ። ላዩ ላይ በቀይ የተጻፈው የታይ ፊደል ቁጥር 17 ይመስላል። ያ ምልክት ያለበት ቤት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት አይገባም። ነጭና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አይገባም፤ በዚህስ ከኛም ይከብዳሉ። ዋናው የጾም በዓላቸው በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ለዘጠኝ ቀን የሚቆይ ነው፤ ያኔ ከተማው ቢጫ በቢጫ ይሆናል ይላሉ። ከዚያ ውጭም ግን በተለይ ያዎራት አካባቢ አይጠፋም።

ሶም ታም የምትባለዋን ሰላጣ ሲሠሩ ቆማችሁ እዩ። ሙቀጫና ዘነዘና ነው። ሴትዮዋ ቃሪያ ትጥላለች፣ ስኳር ትጨምራለች፣ ሎሚ ትጨምቃለች፣ ኦቾሎኒ ትበትናለች፤ ከዚያ ያልበሰለ ፓፓያ በቀጭኑ ተልጦ ይገባል። በአንድ እጅ ትወቅጣለች፣ በሌላው በማንኪያ ታገላብጣለች። በተለመደው አሠራር የዓሣ መረቅና የደረቀ ሽሪምፕ ይገባበታል፤ ለጾመኛ በአኩሪ አተር መረቅ ይተካል። ቃሪያው ስንት ይሁን ብላ በጣቷ ትጠይቃለች። ሚጥማጣ ያሳደገን ሰዎች ነን ብላችሁ አትዳፈሩ፤ ያቺ ትንሽዬ ቃሪያ እሳት ናት። ከጎኑ የሚቀርበውን ሙጭጭ የሚል ሩዝ በእጅ እየጠቀለሉ ነው የሚበሉት። ጎረቤቴ የነበሩ ቤተሰቦች አባትየው ጠቅልሎ ልጁን ሲያጎርሳት አየሁ።

ገበያው ደግሞ ፕራቱናም ነው። አዲስ አበባ ቡቲክ ገብቶ «ይሄ የባንኮክ ነው» የተባለ ሰው የዚያን ሠፈር ልብስ ነክቷል ማለት ነው። ፕላቲነም የሚባለው ሞል ውስጥ አማርኛ ሰማሁ። አንዲት እህታችን የሕፃናት ቀሚስ ገልብጣ ስፌቱን ትመረምራለች። ክር ትስባለች፣ ዚፑን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከባለሱቋ ጋር ካልኩሌተር እየተቀባበሉ ዋጋ ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ። ሦስት ፍሬ ከተወሰደ የጅምላ ዋጋ ነው። ቆማ ውላ፣ ሻንጣዋን በኪሎ እየለካች፣ ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ የልጅ ልብስ ታሰናዳለች። ዛሬ ልጃችሁን አዲስ ልብስ ስታለብሱ እንደሷ ያሉትን ነጋዴዎች በልባችሁ መርቁልኝ።

የቅዳሜና እሁዱ ቻቱቻክ ገበያ ከ15 ሺህ በላይ መደብር አለው፤ ቤት ማስዋቢያ ለሚወድ ይሆናል፣ ለኔ ሙቀቱ በዛብኝ። ሲሎም አካባቢ ባሉ የጌጥ ድንጋይ ሱቆች መስኮት ላይ ግን ቆምኩ። የወሎ ኦፓል! እሳቱ በመብራቱ ሥር ይጫወታል። የደላንታ ገደል ውስጥ ያንን ድንጋይ የሚቆፍሩት ልጆች እዚያው አገራቸው ላይ ወቅረውና ወልውለው የሚሸጡበትን ቀን አዲሱ ዓመት ያቅርብልን።

አበባ ገበያው ሌሊቱን ሙሉ አይዘጋም። ፓክ ክሎንግ ታላት ይሉታል። ቢጫ አበባ እንደ ጤፍ ክምር ተከምሯል፤ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ከነጭ ጃስሚን ጋር በክር ይሰኩታል። ነሐሴ 6 ቀን፣ በነሱ ኦገስት 12፣ ንግሥት ሲሪኪት የተወለዱበት ቀን ነው፤ የእናቶች ቀን ብለው ያከብሩታል። ልጆች እናታቸው እግር ሥር ተንበርክከው ጃስሚን ይሰጣሉ። አበባ ይዞ በር የሚያንኳኳ ልጅ ያለው አገር ሰው ነኝና፣ ያንን ሁሉ ቢጫ ሳይ አበባየሆሽ ጆሮዬ ላይ መጣ።

እስቲ አሁን ልቤ ውስጥ ያለውን ልበላችሁ። ታይላንድ ቅኝ ያልተገዛች አገር ናት። ምኒልክ በ1889 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ፣ እዚያ ንጉሥ ቹላሎንግኮርን ከነገሡ 21 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሁለቱም ባቡርና ቴሌግራም እያስገቡ፣ በዙሪያቸው የከበቧቸውን ኃያላን ሲመክቱ ኖሩ። በ1941 እ.ኤ.አ. ታይላንድ የመንግሥቱን አዲስ ዓመት ወደ ጃንዋሪ 1 አዞረች። ያም ሆኖ የዓመቱን ቁጥር አልለቀቀችም። በሚያዝያ የሚከበረውን የጥንቱን አዲስ ዓመት፣ ሶንግክራንን፣ አልተወችም። ልጆች ዛሬም በሽማግሌዎች እጅ ላይ ሽቶ ያለበት ውሃ አፍስሰው ይመረቃሉ። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል፤ የኛን ጥምቀት በ2019 እ.ኤ.አ. እንደመዘገበው።

በየዓመቱ «አቆጣጠራችን ከዓለም ለየን፣ ለቱሪስቱም ለንግዱም አይመች» የሚል ክርክር እሰማለሁ። ከእንግዲህ ይህን ክርክር በዝምታ አላልፈውም። ባንኮክን አይቻለሁ። እንግዳ የሚመጣው የራሱን ቤት ለማየት አይደለም። የሚመጣው ንጹሕ መንገድ፣ የሚሠራ ባቡር፣ ጥሩ ምግብና የሚያስተናግድ ፊት ፍለጋ ነው። እሱን ካገኘ ዓመታችንን ቢጠይቀን በደስታ እንነግረዋለን። አሥራ ሦስት ወራችን፣ ጳጉሜናችን፣ ሰዓታችን ሸክም አይደሉም።

በተለይ ለናንተ፣ ውጭ ላላችሁት። ዋሽንግተን፣ ፍራንክፈርት፣ ሪያድ መስከረም አንድ የሥራ ቀን ነው። ማንም በሩን አይዘጋላችሁም። ፈቃድ ወስዳችሁ፣ ወይ ከሥራ መልስ በድካማችሁ ድፎ ደፍታችሁ፣ ቄጠማ ባይገኝ ያገኛችሁትን ሣር ጎዝጉዛችሁ፣ ለልጆቻችሁ «ዛሬ አዲስ ዓመት ነው» የምትሉት ነገር ትንሽ አይደለም። እኮራባችኋለሁ።

ባንኮክ ውስጥ ለሕክምና ሄዳችሁ በዓሉ በሆስፒታል ኮሪደር ያገኛችሁም አላችሁ። አንዳንዶቻችሁን እዚያ አግኝቻችሁ አብረን ቡና ጠጥተናል፤ ሱኩምቪት ሶይ 3 በሚባለው መንገድ አካባቢ እንጀራ የሚያቀርብ ቤት አታጡም፤ ዛሬ ለሕመምተኛችሁ አንድ ጉርሻ ውሰዱለት። የታመመውን እግዚአብሔር ይማርላችሁ፣ አስታማሚውንም ያበርታ። ውጤቱ መልካም ሆኖ፣ የመመለሻ ትኬታችሁን ቆርጣችሁ፣ ለመስቀል ከቤተሰቦቻችሁ ጋር ያድርሳችሁ።

መልካም አዲስ ዓመት!