ምን በልቼ ነው?

የአባቴ ሕመም መጀመሪያ የታየው ሰውነታቸው ላይ ሳይሆን ደብተራቸው ላይ ነው። የቤት ወጪ የሚመዘግቡበት ደብተር አላቸው። ለዓመታት ወፈር ባለ፣ በማይለወጥ የእጅ ጽሑፍ ሲሞሉት ኖረዋል። በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ግን መስመሩ በደኅና ፊደል ይጀምርና ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር እያነሰ፣ እያነሰ፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ የጉንዳን ሰልፍ ይመስላል። መነጽር መቀየር አለባቸው ብለን አለፍነው። ቀጥሎ መውደቅ መጣ፤ ያውም ወደ ኋላ።

ሐኪሙ «ፓርኪንሰን መሳይ ነው» አሉን። ፓርኪንሰን እንቅስቃሴን የሚያዘገይ፣ ብዙ ጊዜም እጅ የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል ሕመም ነው። የአባቴ እጅ ግን አይንቀጠቀጥም፤ ዐይናቸው ወደ ታች ማየት ይቸግረዋል፤ ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓም እምብዛም አልረዳቸውም። ከምርመራ ክፍሉ ስንወጣ አባቴ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ምን በልቼ ነው?»

ያን ቀን አባብዬ ዝም አሰኘኋቸው። ጥያቄው የዋዛ አለመሆኑ የገባኝ ከሳምንታት በኋላ፣ አክስቴ «ለነርቭ ፍቱን ነው» ብለው አንድ እሽግ የደረቀ ቅጠል ይዘው ሲመጡ ነው። እሽጉ ላይ ከጊሽጣ ወገን የሆነ፣ እሾሃማ አረንጓዴ ፍሬ ተስሏል፤ ሳወርሶፕ ይባላል። ሻዩን ከማፍላቴ በፊት ስለ ተክሉ ላንብብ አልኩ።

በካሪቢያን ባሕር ላይ ባለችው የጓደሉፕ ደሴት ይህ ተክል የተለመደ ነው፤ ፍሬውም ይበላል፣ የቅጠሉ ሻይም ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ በደሴቲቱ ከታዩ 87 የፓርኪንሰን ዓይነት ሕሙማን አብዛኞቹ የተለመደው ፓርኪንሰን አልነበረባቸውም። የነበረባቸው ለሌቮዶፓ እሺ የማይለው፣ ሰውን ቶሎ የሚጥለው ዓይነት ነው፤ የአባቴ ዓይነት። እነዚህ ሕሙማን ፍሬውንና የቅጠሉን ሻይ አዘውትረው የሚወስዱ ሆነው ተገኙ። በተክሉ ውስጥ ያለው አኖናሲን የተባለ ንጥረ ነገር ማይቶኮንድሪያን፣ ማለትም የሕዋሳችንን የኃይል ማመንጫ፣ ያንቃል። እንቅስቃሴያችንን የሚመራውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል የሚያመርቱት የአንጎል ሕዋሳት ደግሞ ኃይል ሲያጥራቸው ቶሎ ከሚሞቱት መካከል ናቸው። ሮቴኖን የተባለው ፀረ ተባይም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ አይጦች ሲወጉት ፓርኪንሰንን የሚመስል ሕመም ይዟቸዋል።

አንድ ስኒ ሻይ ሰው ያሳምማል ማለቴ አይደለም። ጥናቱ ዝምድናውን አሳየ እንጂ ጥፋተኛውን አላሰረም። ቢሆንም እሽጉን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ፤ ከደሴት ወደ ደሴት ዞርኩ። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው ጉዋም የሚኖሩት የቻሞሮ ሕዝቦች፣ ዘንባባ የሚመስለውን የሳይካድ ዛፍ ፍሬ ውኃውን እየቀያየሩ ለቀናት ዘፍዝፈው፣ አድርቀውና ፈጭተው ቂጣ ይጋግሩ ነበር። ፍሬው መርዛም መሆኑን ያውቃሉ፤ መዘፍዘፉም ለዚያ ነው። በዚያው ደሴት ሽባነትን፣ ፓርኪንሰንንና የመርሳት ሕመምን የሚያቀላቅል በሽታ ቤተሰብን ከቤተሰብ ያጠቃ ነበር፤ ሊቲኮ-ቦዲግ ይሉታል። ከፍሬው የሚገኘው ቢኤምኤኤ የተባለ ንጥረ ነገር ተጠረጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ለጦጣዎች ተሰጥቶ ጡንቻቸውንና እንቅስቃሴያቸውን ሲያውክ ታየ። ተቃዋሚዎች ግን ታጥቦ በደረቀ ዱቄት ውስጥ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ያን ያህል መርዝ ለማግኘት ሰው የማይቻል መጠን መብላት አለበት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የዕፅዋት ተመራማሪው ፖል ኮክስና የነርቭ ሐኪሙ ኦሊቨር ሳክስ ሌላ መንገድ ጠቆሙ፦ የሌሊት ወፎች ፍሬውን ይበላሉ፣ መርዙ በሥጋቸው ይከማቻል፣ ሰዎች የሌሊት ወፎቹን ይበላሉ። ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም። በሽታው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባደገው ትውልድ ላይ እየጠፋ መጥቷል፤ በዘር የሚወረስ ነገር በአንድ ትውልድ አይለወጥምና፣ ምግብ እጁ እንዳለበት እኔን ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ነገርኳቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ።

«ቂጣውን የበላ ሁሉ ታመመ?»

«አልታመመም፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ምግቡ ብቻ አይደለማ።»

በስንት ገጽ ያነበብኩትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። ለአንድ ሰው፣ ለእርሳቸው ብቻ፣ «ይህን በልተህ ነው» የሚል መልስ የሚሰጥ ምርመራ የለም፤ ይህን መናገር ከመርዙ ታሪክ ይልቅ ከበደኝ።

አክስቴ ትናንት ደውለው ነበር። ሻዩን አባቴ እንደማይጠጡት ስነግራቸው ቅር አላቸው። «ቅጠል እኮ ነው ልጄ፤ ምን ያደርጋቸዋል?» አሉኝ። ሁለተኛውን እሽግ አዝዘው ኖሯል።