ቀጭን ያላት ማነው?

ስደት ላይ የማይሰራ ስራ የለም፣ እኔ ለምሳሌ ዙ (የዱር እንስሳት ማሳያ ግቢ) ውስጥ የቀጭኔ በረት ጠራጊ ነበርኩ። ቋንቋው ገና ስላልገባኝ ከሰው ጋር ብዙ ማውራት የማይጠይቅ ስራ ነበር የምፈልገው፣ ሲነግሩኝ ሁለቴ አላሰብኩም።

ስሟን ያወጣላት ሰው መቼም ከሩቅ ነው ያያት፣ አጠገቧ ስትቆሙ ቀጭን የሚባል ነገር የላትም፣ ሴቷ ራሷ 800 ኪሎ አካባቢ ናት ወንዱማ ከ5 ሜትር በላይ ይቆማል። ምላሷን ደሞ አልነግራችሁም! ጠቆር ያለ ሐምራዊ፣ ግማሽ ሜትር ሊሞላ ምንም የማይቀረው፣ አንዴ ቅርንጫፍ ስሰቅልላት ከኋላዬ መጥታ ኮፍያዬን ከነጆሮዬ ጠቅልላ ላሰችኝ፣ ሻካራ ነው፣ ለሃጩ ዝልግልግ ብሎ አንገቴ ውስጥ ገባ፣ ቀኑን ሙሉ ስጠርግ ዋልኩ።

ማታ ሰው ሲወጣ ግን ቁጭ ብዬ ስታመነዥክ ማየት ነበር ደስ የሚለኝ። ዋጥ ታደርግና ዝም ትላለች፣ ትንሽ ቆይቶ ኳስ የምታክል እብጠት ከታች ተነስታ በአንገቷ ሽቅብ ሽው ስትል በቆዳዋ ላይ ትታያለች፣ ልክ ሊፍት፣ ታኝክና መልሳ ቁልቁል። ውሃ ስትጠጣ ደሞ ታሳዝናለች፣ ያን ሁሉ አንገት ይዛ የፊት እግሮቿን ካላንፈራጠጠች አፏ መሬት አይደርስም። ቀና ስትል ለምን እንደማያዞራት ገርሞኝ አንዱን ሰራተኛ በምልክት ጠየቅኩት፣ ልቧ 11 ኪሎ ገደማ ነው፣ የደም ግፊቷ የኛን እጥፍ፣ ጎንበስ ስትል ደሙ ወደ ጭንቅላቷ እንዳይንደረደር አንጎሏ ስር የደም ስር መረብ አላት አለኝ። ግፊት ላለበት እንደኔ ላለ ሰው ያስቀናል።

አንድ ቀን ታዲያ አንድ ህፃን አጥሩን ይዞ አንገቷ ውስጥ ስንት አጥንት አለ አለኝ። ጥያቄው ገብቶኛል ቃሉ ግን ከየት ይምጣ! ሰባት ጣት አሳየሁት፣ ከዛ የራሴን አንገት ነካሁ፣ የሱንም ጠቆምኩት። እሷም እኛም እኩል 7 ነን፣ አንገቷ የረዘመው የሷ አንዱ አጥንት ብቻውን 25 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ እኮ ነው። እናትየው ግን ያልገባኝ መስሏት ፈገግ አለችና ልጇን ይዛ ወደ ሌላዋ ሰራተኛ ሄደች። ሰራተኛዋም ሰባት ጣት ስታወጣ ከሩቅ አየኋት። ልጁ ዞሮ አንገቱን እየነካካ ሲያየኝ እኔም የኔን ነካሁለትና አካፋዬን ይዤ ገባሁ።