ቁጥር የሌለው አቤቱታ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም እንዲጠየቅ ያዛል። ከሄርማታ ወይም ከጊንጆ ሰፈር ተነሥቶ ጅማ ውስጥ ቢሮ ለቢሮ ለሚመላለስ ባለጉዳይ ግን አንቀጹ ሥራ የሚጀምረው መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ነው።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዙ። አንዱ ገቢ ሲሆን ቀሪው ላይ ማኅተም ይመታ፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ይጻፍበት። «ለኃላፊው በእጅ ስጡት» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። በእጅ የተሰጠ ወረቀት ከወር በኋላ «አልደረሰንም» ለማለት ይመቻል።

አንድ ማመልከቻ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ። «በአግባቡ አልተስተናገድኩም» ማለት ለማንም መልስ አያስገድድም። የትኛው የሥራ ክፍል፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ብሎ እንደመለሰላችሁ ጻፉ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ለአገልግሎቱ የሰጠውን ጊዜም ጥቀሱ። ለከተማው አስተዳደር በአፋን ኦሮሞ መጻፍ ምልልስ ይቀንሳል። ግልባጭ ለስድስት መሥሪያ ቤት መበተን ደግሞ ብዙ ሰው የሚወደው ከንቱ ልማድ ነው፤ ስድስቱም ሌላው ያየዋል ብለው ፋይል ውስጥ ይከቱታል።

መረጃ ስትጠይቁ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ያዙ። የክልል መሥሪያ ቤትንም ይመለከታል። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ከተከለከላችሁም ምክንያቱ ይገለጽላችሁ። «ስለ ሰፈራችን መንገድ መረጃ ይሰጠን» ብትሉ ማድበስበሻ ትከፍታላችሁ። «የኮብልስቶን ሥራው ውል፣ የተከፈለው ገንዘብና የርክክብ ሰነዱ ይሰጠን» ማለት ይሻላል፤ ሦስቱም የታወቁ ወረቀቶች ናቸው፣ ወይ አሉ ወይ የሉም። ከተከለከላችሁ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በሉ። ደረጃ ዘሎ የሄደ አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ይመለሳል፤ ጊዜውም በከንቱ ያልፋል።

ከሁሉ በፊት ግን ቢሮው የማን እንደሆነ ለዩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ነው፤ ሒሳቡን የሚመረምረው የፌዴራል ዋና ኦዲተር ነው። ማዘጋጃ ቤቱና ቀበሌው የክልል ናቸው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012ን በቀበሌ ላይ የሚጠቅስ ሰው ሳይጀምር ይሸነፋል።

እንባ ጠባቂ ዘንድ ለማመልከት ክፍያ የለም። የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይም አይመለከትም። ስለዚህ ክስ ከመመሥረታችሁ በፊት የትኛውን መንገድ እንደምትይዙ ወስኑ።