ፌሮ ቢወደድ ማን ይከፍላል

ህግ ተምረን ስንወጣ ሁላችንም የምናልመው ችሎት ነው፣ ቆሞ መከራከር፣ ምስክር ማፋጠጥ፣ ይግባኝ ማሸነፍ። ውል መጻፍን ከቁም ነገር የሚቆጥረው ጥቂት ሰው ነው፣ ፎርም አለ፣ ስምና ቀን ትቀይራለህ፣ ይፈረማል፣ አለቀ። እኔ ደሴ ላይ ጥብቅና ከጀመርኩ ወዲህ ግን ይሄ አስተሳሰብ ስንት ሰው እንደጎዳ እያየሁ ነው። ቢሮዬ ከሚመጣው የውል ክርክር አውቆ ያጭበረበረ ሰው ያለበት ትንሹ ነው፣ አብዛኛው ሁለት ጨዋ ሰዎች ተማምነው የፈረሙት አንድ ገጽ ወረቀት ነው፣ እዛ ገጽ ላይ መግባት የነበረበት አንድ ነገር አልገባም፣ ከዛ ቤት ይታገዳል፣ ዝምድና ይበጠሳል፣ ልጆቻቸው ሳይቀሩ ሰላምታ ያቆማሉ። ሰሞኑን ይሄ ነገር ውስጤ እየተመላለሰ ስላስቸገረኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

አንዱ ችግር ከትምህርቱ ይጀምራል። የውል ህግን የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውም በእንግሊዝኛ፣ መጽሐፉም በእንግሊዝኛ፣ የክልላችን ፍርድ ቤት የሚሰራው ግን በአማርኛ ነው፣ ደንበኛውም ችግሩን የሚነግረኝ በወሎ አማርኛ ነው። ስለዚ ከተመረቅኩ በኋላ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ህግ በአማርኛው ከቁጥር 1675 ጀምሬ እንደ አዲስ ማንበብ ነበረብኝ፣ እስካሁንም አነባለሁ። ቁጥር 1731 በህግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ህግ ነው ይላል፣ 1733 ደሞ የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው ከዛ ወጥቶ ሌላ ትርጉም አይፈልግም ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቧቸው ያስደነግጣሉ። ደሴ ፒያሳ አንድ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ለሁለት ሰዎች ህግ እያወጣሁ ነው ማለት እኮ ነው፣ ይሄን ደሞ ከኢንተርኔት ባወረድኩት ፎርም ላይ ስም ቀይሬ ልሰራው አልችልም።

ዋናው ትምህርት ቤቴ የሆነው የተበላሸ ውል ነው። አንድ መዝገብ ሲዘጋ፣ ተረታንም ረታንም፣ ውሉን እንደገና አነባለሁና የትኛው መስመር ቢኖር ይሄ ሰው እዚ አይመጣም ነበር ብዬ እጠይቃለሁ፣ መልሱን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ስም አልጽፍም፣ የደንበኛ ሚስጥር ነው፣ ጥያቄውን ብቻ። ደብተሩ አሁን ከማንኛውም ፎርም በላይ ይጠቅመኛል።

ከሁሉም ያስተማረኝ የኮምቦልቻው ቤት ነው። ባለቤቱ ጂ ፕላስ ቱ ሊያሰራ ከአንድ ተቋራጭ ጋር ማቴሪያልን ጨምሮ በአንድ ጥቅል ዋጋ ተዋዋለ፣ ውሉ "ተቋራጩ ስራውን በጥራትና በወቅቱ አጠናቆ ያስረክባል" ይላል፣ ስለ ዋጋ ለውጥ አንድም ቃል የለም። ከዛ ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፣ ፌሮውም ቆርቆሮውም አብሮ ወጣ። ተቋራጩ የመጀመሪያው ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ላይ አቆመ። ከአቅም በላይ ነው አለ። ባለቤቱ ደሞ ውሉ ውል ነው አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ አንደኛው ቢቀጥል ይከስራል፣ ሌላኛው ቤቱ ላይ ያፈሰሰው የእድሜ ልክ ጥሪቱ ነው።

ህጉ እዚ ላይ ምን እንደሚል ብዙ ሰው አያውቅም። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር በቁጥር 1792 እና 1793 አለ፣ ጦርነት፣ የተፈጥሮ አደጋ፣ ያልታሰበ የመንግስት ክልከላ እና የመሳሰሉት። የሚቀጥለው 1794 ግን የጥሬ እቃ ዋጋ መናር ወይም መውረድ ከአቅም በላይ አይባልም፣ ተዋዋዮች ራሳቸው ካልተስማሙበት በስተቀር ይላል። 1764 ላይም ሁኔታው ተለውጦ ግዴታው ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል የሚል ነው መንፈሱ። ስለዚ ዳኛ ፊት ሄደህ ፌሮ ተወደደብኝ ማለት ብቻውን አያድንም፣ ማዳን የነበረበት ውሉ ነው።

ከዛ በኋላ ለሌላ ደንበኛ ስጽፍ ይሄን አንቀጽ ብዙ ለፋሁበት። መጀመሪያ እንዲህ ነበር፦ "የስራው ዋጋ የተሰላው በአባሪ 1 በተመለከተው የፌሮና የሲሚንቶ ዋጋ ነው። ዋጋው ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ ወይም ከቀነሰ ከ10 በመቶ በላይ ያለውን ልዩነት አሰሪውና ተቋራጩ እኩል ይካፈላሉ።" ቆንጆ መሰለኝ። ከዛ እራሴን የተቋራጩ ጠበቃ አድርጌ አነበብኩት፣ ቀጥዬ የአሰሪው። የየትኛው ቀን ዋጋ? የታዘዘበት፣ የተከፈለበት ወይስ ሳይት የደረሰበት? ዋጋውን የሚያሳየው ማነው፣ ተቋራጩ የወንድሙን ሱቅ ፕሮፎርማ ቢያመጣስ? ተቋራጩ በራሱ ጥፋት ሶስት ወር ዘግይቶ በዛ መሀል ቢወደድስ? ስለዚ "እቃው በተገዛበት ቀን ባለው ዋጋ" የሚል ገባ፣ "ከተዋዋዮች ጋር ዝምድና ከሌላቸው ሁለት የኮምቦልቻ ነጋዴዎች በሚቀርብ ፕሮፎርማ" የሚል ገባ፣ "ጭማሪው የመጣው ተቋራጩ በራሱ ጥፋት ከዘገየ በኋላ ከሆነ ሙሉውን ተቋራጩ ይሸፍናል" የሚል ገባ። ሁለት መስመር የነበረው ግማሽ ገጽ ሆነ፣ ግን አሁን ሁለቱም ገንዘባቸውን ሊያሰሉበት ይችላሉ። በጥራት የሚለውንም አወጣሁት፣ በምትኩ ፌሮው ስንት ሚሊ እንደሆነ፣ ኮንክሪቱ ስንት ቀን ውሃ እንደሚጠጣ፣ ሙሌቱን አይቶ የሚፈርመው ማን እንደሆነ ተጻፈ። ይሄን ከየት አመጣሽው ብትሉኝ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሳይት ላይ ፎርማኑን ጠይቄ ነው፣ የህግ መጽሐፍ ውስጥ ይሄ አይገኝም።

ለኔ ውል ማርቀቅ ማለት ከግማሽ በላይ መጠየቅና ማዳመጥ የሆነው ለዚ ነው። ሰዉ ስራውን ያውቃል፣ የት የት እንደሚበላሽም ከኔ በላይ ያውቃል፣ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው ወረቀት ላይ የማይገባው። ሸዋ በር አካባቢ እህል የሚነግዱ አንድ ሀጂ መጥተው "ልጄ ቀብድ ተቀብያለሁ ብለሽ ጻፊልኝ" አሉኝ።

"ሀጂ፣ ገዢው ሀሳቡን ቢቀይር ቀብዱ ምን እንዲሆን ነው የሚፈልጉት?" አልኳቸው።

"ይቀርበታላ።"

"እርሶስ የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ቢመጣብዎት?"

ዝም ብለው አዩኝ፣ ከዛ "እኔ ቃሌን አላጥፍም፣ እሱም እንዲያጥፍ አልፈልግም፣ እህሉን ለሱ ብዬ ነው መጋዘን የማስቀምጠው" አሉ። ይሄን ስሰማ ቀብድ የሚለው እንደማያስፈልጋቸው ገባኝ። ምክንያቱም ቀብድ ከተባለ በቁጥር 1885 መሰረት ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ሰው ቀብዱን ትቶ መውጣት ይችላል፣ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ መውጣት ይችላል፣ ለሁለቱም በር ይከፍታል። ሀጂ የፈለጉት ደሞ በሩ እንዲዘጋ ነው። ስለዚ ከዋጋው ላይ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ አልነው፣ ሁለቱም በገንዘብ መውጣት እንደማይችሉ በግልጽ ጻፍን፣ ገዢው በቀኑ ካላነሳ በቀን የሚከፍለው የመጋዘን ኪራይና የመዘግየት ቅጣት አስገባን። ገበያ ላይ ሁሉም ቅድሚያ ክፍያ ቀብድ ነው የሚባለው፣ ህጉ ዘንድ ግን መዘዝ አለው፣ እና ይሄን ለሰው በትህትና ማስረዳት የኛ ስራ ነው።

ጳጉሜም አለች። ገልባጭ መኪና በወር ሲከራይ ጳጉሜ የማን ናት? 2015 ላይ ደሞ ጳጉሜ 6 ነበረች፣ "እስከ ጳጉሜ 5" ብሎ የጻፈ ሰው ለአንዷ ቀን ሲጨቃጨቅ አይቻለሁ። አንድ መስመር ነው የሚፈልገው።

የ2014ቱ ግን አንድ መስመር አይበቃውም። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰው ሱቁን ቆልፎ ነፍሱን ይዞ ወጣ፣ ተመልሶ ሲመጣ እቃው የለም፣ ኪራዩ ግን ይጠየቃል። አከራዩ ቤቴን ይዘህ ነበር ይላል፣ ተከራዩ አልነበርኩም ይላል፣ ብዙዎቹ ውሎች ስለዚ ነገር ምንም የላቸውም። 1793 ላይ ጦርነት በስም ተጠቅሷል፣ ግን ለየትኛው ወር፣ እስከ መቼ፣ የፈረሰውን በር ማን ያሰራል የሚለውን ህጉ ለእያንዳንዱ ሱቅ አይዘረዝርልህም። አሁን የኪራይ ውል ስጽፍ ይሄን ሁሌም እጠይቃለሁ፣ ጥያቄው ለሁለቱም ወገን ያማል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል፣ እኔም ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ከዛ ግን የሚገርም ስምምነት ያወጣሉ፣ ከኔ በላይ ፍትሃዊ የሆነ፣ ቤቱ ያልተከፈተበት ወር ኪራይ አይቆጠርም፣ የበሩን ግማሽ ግማሽ ይሉና ይጨባበጣሉ። የኔ ስራ ያችን መጻፍ ነው።

የውሉ አፈራረምም የራሱ ጣጣ አለው። በጽሁፍ መሆን ያለበት ውል ላይ ተዋዋዮቹ መፈረም አለባቸው፣ በ1727 ሁለት ምስክር ይፈልጋል፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከሆነ በ1723 መሰረት መመዝገብም አለበት፣ ከ500 ብር በላይ ብድርም በ2472 ያለ ጽሁፍ፣ ተበዳሪው ራሱ ሳያምን ወይም ያለ መሀላ አይረጋገጥም። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን 1728 ነው፣ ማንበብ የማይችል ወይም አይነ ስውር ሰው በጣት አሻራ ሲፈርም አሻራው ስልጣን ባለው ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። የገጠር እናቶች ቀለም ነክተው ሰው ቤት ውስጥ የፈረሙትን ወረቀት ይዘው ሲመጡ አንጀቴ ነው የሚቃጠለው። ስለዚ ሳነብ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ አንብቤ ስጨርስ "እትዬ፣ እስቲ ምን እንደተስማሙ ይንገሩኝ" እላለሁ። እሳቸው በራሳቸው አፍ የሚነግሩኝና የጻፍኩት ካልተገናኘ የሚስተካከለው ወረቀቱ ነው።

አንዳንድ ደንበኛ ውሉ ሲረዝም ቅር ይለዋል፣ "አንተማመንም እንዴ፣ ወንድማማች እኮ ነን" ይላል። ወሎ ላይ ይሄ ስሜት ጥልቅ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን በደህናው ጊዜ ተነጋግሮ መጻፍ ወንድማማችነቱን ነው የሚጠብቀው፣ ቂም ከያዙ በኋላ ሽማግሌ ከመላክ አሁን ቡና እየጠጡ መስማማት ይቀላል። ደሞ አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ፣ ሰዉ ለክርክር ብዙ ከፍሎ ለማርቀቅ ትንሽ ሲጠየቅ ይከብደዋል። እኛ ወጣት ጠበቆች ነን ይሄን መቀየር ያለብን፣ ለሁለት ገጽ ውል ሁለት ቀን ስንጠይቅ ስራው ምን እንደሆነ እያሳየን።

ለሳምንቱ አንድ የፈርኒቸር ወርክሾፕ ሽርክና እጄ ላይ አለ። አንደኛው ማሽን ያመጣል፣ ሌላኛው ሙያውን። ማሽኑ ቢበላሽ ማን ያሰራል፣ ባለሙያው ሶስት ወር ቢታመም ትርፉ እንዴት ይከፈላል፣ ቢለያዩ ደንበኞቹ የማን ናቸው፣ የጀመሩትን ትእዛዝ ማን ይጨርሳል፣ መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተር ነዳጅ ከማን ድርሻ ይወጣል። ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ሌላ ወርክሾፕ አለ፣ ከመጻፌ በፊት እዛ ሄጄ ባለቤቱን ከሸሪኩ ጋር በምን በምን እንደሚጨቃጨቁ ልጠይቀው ነው።