የማሳ ገመድ ጣጣ

ዛሬ ከአንድ ወዳጄ ጋር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራች የጣሊያን ስፖርት መኪናውን ስንፈትሽ ዋልን። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖዋ ያቃስታል፤ የፊት መብራት ሲበራ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከፍ ይላል፤ የነዳጅ መርገጫውም እየከበደ መጥቷል። እንዲህ ያለ መኪና ሲያስቸግር ብዙ ሰው አስቀድሞ እጁን የሚሰድደው ነዳጅና አየር ወደሚቀላቅሉት መንታ ካርቡሬተሮች ነው፤ እኔ ግን ኤሌክትሪኩ ሳይጣራ የካርቡሬተር ብሎን መንካት ሥራ ማብዛት ይመስለኛል።

ባትሪው 12.6 ቮልት ስላሳየ አለፍነው። ከዚያም የመልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) አንድ ጫፍ በባትሪው ነጋቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርገን ሞተሪኖውን ስናዞር፣ ከ0.5 ቮልት በታች መሆን የሚገባው ንባብ 1.9 ደረሰ። ሞተሩን ከቦዲው የሚያገናኘው የማሳ ገመድ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ነጋቲቭ የሚመለስበት ገመድ፣ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስል ነበር፤ ብሎኑ ሲፈታ ግን ከሥሩ አረንጓዴ ዱቄት የለበሰ መዳብና የዛገ ብረት ወጣ። የመርገጫው ነገርም እዚሁ ተገለጠ፦ በማሳው ገመድ መመለሻ ያጣው የሞተሪኖው ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት መርገጫውን ከሞተሩ በሚያገናኘው የብረት ሽቦ በኩል እየተመለሰ ሲያግለው፣ የሽቦው የውስጥ ሽፋን ቀልጦ ይዞታል። (መካኒክ የሆነ ሰው መርገጫ ከበደው ተብሎ መልቲሜትር ሲያነሳ የሚስቅበት አይጠፋም።)

የሙቀት መለኪያው ጉዳይ ቀላል ነበር፤ ከክሩስኮቱ (መለኪያዎቹ ካሉበት ሰሌዳ) ጀርባ ያለው የጋራ ማሳ ልል ሆኖ ተገኘ። ብረቱን እስኪያበራ ፍቀን አዲስ ገመድና አዲስ የመርገጫ ሽቦ ካስገባን በኋላ ንባቡ ወደ 0.2 ወረደ። ካርቡሬተሮቹን ማመጣጠን ለሌላ ቀን ተላልፏል።